ተሳላሚና ጐብኚ በላሊበላ

በላስታ ደጋ ላይ የምትገኘው የላሊበላ ከተማ ሁለት ዓይነት እንግዶችን ስትቀበል ኖራለች። አንደኛው ተሳላሚ ሲሆን ሁለተኛው ጐብኚ ነው። ተሳላሚው ከዋግ፣ ከጎንደር፣ ከጎጃም፣ ከሸዋና ከሌላውም የአገሪቱ ክፍል ተነሥቶ፣ በሶውንና ቆሎውን በስልቻ ቋጥሮ፣ ጾሙን ሳያጓድል የሚደርስ ነው። ጐብኚው ደግሞ በአውሮፕላን ወርዶ፣ በሆቴል አርፎ፣ በአስጐብኚ ተመርቶ አብያተ ክርስቲያናቱን የሚመለከትና ከሁለትና ከሦስት ቀን በኋላ ወደ ሌላ ሥፍራ የሚያልፍ ነው። የሁለቱ መንገድና ዓላማ የተለያየ ቢሆንም ቅሉ የሚገናኙት በአንድ ግቢ ውስጥ ነው፤ በብዛት የሚገናኙበትም ቀን የገና በዓል ነው።

ስለ ላሊበላ እስከ ዛሬ ከተጻፈው አብዛኛው የድንጋዩን ነገር የሚመለከት ነው። አለቱ እንዴት እንደ ተፈለፈለ፣ በማን ዘመን እንደ ተሠራ፣ ስንት ሜትር እንደሚረዝም በሰፊው ተነግሯል። በዓሉ ግን በነዚህ ጽሑፎች ውስጥ ብዙ ጊዜ እንደ ማሳረጊያ በመጨረሻው ገጽ ላይ ይጠቀሳል። በአንጻሩ የቦታውን ታሪክ በቅደም ተከተል የተመለከተ ሰው በዓሉ ቀዳሚ ሆኖ ያገኘዋል። ጐብኚው የመጣው ተሳላሚው ለብዙ መቶ ዓመታት በረገጠው ጎዳና ነው፤ ሕንጻውንም እስከ ዘመናችን ያደረሰው በውስጡ ሳይቋረጥ የቆየው አገልግሎት ነው። ይህ ቅደም ተከተል በተዘነጋ ጊዜ ሁሉ በጥገናም ሆነ በቱሪዝም ሥራ ላይ ምን ችግር እንደ ተፈጠረ ያለፈው መቶ ዓመት በቂ ማስረጃ ይሰጣል።

የሮሐ አመሠራረት

ከተማዋ በጥንት ስሟ ሮሐ ትባል ነበር። ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ባለው ሥፍራ፣ ከ4,000 ሜትር በላይ ከሚደርሰው ከአቡነ ዮሴፍ ተራራ ግርጌ ትገኛለች። አካባቢው የዛጔ ነገሥታት መናገሻ ነበር። ገብረ መስቀል የሚል የመንግሥት ስም የነበረው ንጉሥ ላሊበላ በ12ኛው መቶ ዓመት መጨረሻና በ13ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ እንደ ነገሠ ይታወቃል። ከእርሱ በፊት ከነገሡት መካከል ይምርሐነ ክርስቶስ፣ ከእርሱ በኋላ ደግሞ ነአኩቶ ለአብ በየስማቸው የሚጠሩ አብያተ ክርስቲያናት በዚያው በላስታ አሏቸው። የዛጔ ሥርወ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1270 በይኩኖ አምላክ ተተክቷል። መናገሻው ወደ ሌላ ሥፍራ ቢዛወርም ሮሐ ግን የመሳለሚያ ቦታነቷን አላጣችም፤ ውሎ አድሮም በንጉሡ ስም ትጠራ ጀመር።

አብያተ ክርስቲያናቱ 11 ናቸው። ዮርዳኖስ ከሚባለው ወራጅ ወንዝ ወዲያና ወዲህ በሁለት ክፍል ይገኛሉ። በአንደኛው ክፍል ቤተ መድኃኔ ዓለም፣ ቤተ ማርያም፣ ቤተ መስቀል፣ ቤተ ደናግል፣ ቤተ ሚካኤልና ቤተ ጎልጎታ ይቆጠራሉ። በሁለተኛው ክፍል ቤተ አማኑኤል፣ ቤተ መርቆሬዎስ፣ ቤተ አባ ሊባኖስና ቤተ ገብርኤል ወሩፋኤል አሉ። ቤተ ጊዮርጊስ ከሁለቱም ተለይቶ ብቻውን ቆሟል። ድንጋዩ ቀይ የእሳተ ገሞራ አለት ነው። ጠራቢዎቹ ዙሪያውን ቦይ ቈፍረው ትልቁን አለት ከተራራው ለይተው ካስቀሩ በኋላ ከላይ ወደ ታች እየወረዱ ጣሪያውን፣ መስኮቱን፣ ዐምዱንና ወለሉን አውጥተዋል። ከሁሉ የሚበልጠው ቤተ መድኃኔ ዓለም ከ33 ሜትር የማያንስ ርዝመትና ወደ 11 ሜትር የሚጠጋ ቁመት አለው።

ይህ ሁሉ ሥራ መቼና በምን ቅደም ተከተል እንደ ተከናወነ የታሪክ ሊቃውንት አሁንም ይከራከራሉ። እንግሊዛዊው የአርኬዎሎጂ ሊቅ ዴቪድ ፊሊፕሰን ከሕንጻዎቹ አንዳንዶቹ ከንጉሥ ላሊበላ ዘመን በብዙ መቶ ዓመታት እንደሚቀድሙ፣ ኋላም ወደ ቤተ ክርስቲያንነት እንደ ተለወጡ ሐሳብ አቅርቧል። እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ በሥፍራው ጥናት ያካሄዱ የፈረንሳይ ተመራማሪዎችም አለቱ በአንድ ጊዜ ብቻ ሳይሆን በተለያዩ ወቅቶች እንደ ተፈለፈለ የሚያመለክቱ ምልክቶችን ከቦዮቹና ከቈሻሻ ክምሮቹ አግኝተዋል። የአገሩ ትውፊት በበኩሉ ንጉሡ በመላእክት ረዳትነት በ23 ዓመት እንደ ፈጸመው ይናገራል።

የአሠራሩ ዘመን ቢያከራክርም የቦታው አቀማመጥ ለምን ዓላማ እንደ ዋለ ግን ስሞቹ ራሳቸው ይመሰክራሉ። ወንዙ ዮርዳኖስ፣ ኮረብታው ደብረ ዘይት፣ ሌሎቹም ጎልጎታና ቤተ ልሔም ተብለው ተሰይመዋል። ሳላሕ አል ዲን ኢየሩሳሌምን የያዘው እ.ኤ.አ. በ1187 መሆኑን በማስታወስ፣ ንጉሡ ወደ ቅድስት አገር መሄድ ለከበደው ሕዝብ በአገሩ ኢየሩሳሌምን ሊሠራለት አስቦ ነው የሚሉ ብዙዎች ናቸው። ስሞቹ የተሰጡበት ጊዜ ሊያወያይ ይችላል። በ15ኛው መቶ ዓመት ገደማ በግዕዝ የተጻፈው ገድለ ላሊበላ ግን ወደነዚህ አብያተ ክርስቲያናት ለሚሄድ ሰው ትልቅ ቃል ኪዳን እንደ ተሰጠው ይተርካል። እንግዲህ ቢያንስ ከዚያ ዘመን ጀምሮ ላሊበላ ከሩቅ ተጉዘው የሚሳለሟት፣ በቦዮቿና በዋሻዎቿ እየዞሩ የጌታን ሕማምና ትንሣኤ የሚያስቡባት ከተማ ነበረች ማለት ነው።

የገና መንገድና የገና ሌሊት

የልደት በዓል በመላ ኢትዮጵያ ታኅሣሥ 29 ቀን፣ በዘመነ ዮሐንስ ደግሞ ታኅሣሥ 28 ቀን ይከበራል። በላሊበላ ግን በዓሉ እጥፍ ነው። በትውፊት መሠረት ንጉሡ የተወለደው በዚሁ በታኅሣሥ 29 ቀን ስለሆነ የጌታ ልደትና የቅዱሱ ንጉሥ ልደት አብረው ይከበራሉ። ንጉሡ ሲወለድ ንቦች እንደ ከበቡትና ስሙም ከዚሁ እንደ ተገኘ ገድሉ ይናገራል።

ወቅቱ ለመንገደኛ የተመቸ ነው። በታኅሣሥ ክረምቱ ካለፈ ቆይቷል፤ ተከዜና ገባሮቹ ጐድለው በእግር ይሻገሯቸዋል፤ መኸሩም ከሞላ ጐደል ተሰብስቦ ገበሬው ከሥራ ፋታ ያገኛል። ስለሆነም ኅዳር 15 ቀን የሚገባው የነቢያት ጾም እየገፋ ሲሄድ የላስታ መንገዶች ነጭ በለበሱ ሰዎች ይሞላሉ። ከሩቅ የሚመጣው ሳምንታት ይጓዛል። አዛውንቶች በምርኩዝ፣ እናቶች ልጆቻቸውን አዝለው፣ ባሕታውያን ባዶ እግራቸውን ዳገቱን ይወጣሉ። ዛሬ ብዙዎች በአውቶቡስና በጭነት መኪና ይመጣሉ፤ ቢሆንም ስእለት ያለበት ሰው መንገዱን በእግሩ መጨረስን አሁንም ይመርጣል።

ተሳላሚዎቹ ከተማው ሲደርሱ የላሊበላ ሰዎች አቀባበል የበዓሉ ክፍል ነው። የከተማው ወጣቶች በየመንገዱ ዳር ውኃ አቅርበው የእንግዶቹን እግር ያጥባሉ፤ ነዋሪውም ያለውን ይዞ ይወጣል። ማደሪያ ያጣው በየሜዳው ድንኳን ይተክላል፤ ድንኳን የሌለውም በጋቢው ተጠቅልሎ በአብያተ ክርስቲያናቱ ዙሪያ ያድራል። በታኅሣሥ የላስታ ሌሊት ብርዱ የበረታ ስለሆነ ይህ ራሱ እንደ ተጋድሎ ይቆጠራል።

በዋዜማው ሌሊት ማሕሌቱ በከበሮ፣ በጸናጽልና በመቋሚያ ይቆማል፤ ጧፍ የያዘው ሕዝብ ግቢውንና የቦዮቹን አፋፍ ሞልቶ ያነጋል። ሲነጋ በቤተ ማርያም ግቢ ቤዛ ኩሉ የሚባለው ሥርዓት ይፈጸማል። ከካህናቱ ከፊሎቹ ማሜ ጋራ ተብሎ በሚጠራው በግቢው ዙሪያ በሚገኘው የአለት አፋፍ ላይ በረድፍ ይቆማሉ፤ የቀሩት ከታች በግቢው ውስጥ ይሰለፋሉ። ከላይ ያሉት የመላእክት፣ ከታች ያሉትም የሰዎች ምሳሌ ሆነው ዝማሬውን እየተቀባበሉ ወደ ፊትና ወደ ኋላ በዝግታ ይወዛወዛሉ። ይህን ሥርዓት በሌላ ሕንጻ ውስጥ በሙሉ መልኩ መፈጸም አይቻልም፤ የላይና የታች መድረክ ሆኖ የሚያገለግለው ሲፈለፈል በቀረው አለትና በተቈፈረው ግቢ መካከል ያለው ከፍታ ነውና። የሕንጻውን ዕቅድ የሚያጠና ባለሙያ የቤተ ማርያምን ግቢ በሜትር ለክቶ ብቻ ቢመለስ የግቢውን አገልግሎት ግማሹን ሳያይ ቀርቷል ለማለት ይቻላል።

ከገና በኋላ ጥምቀት በጥር 11 ቀን ይከተላል። የንጉሡ መታሰቢያ በዓል ሰኔ 12 ቀን ይከበራል። ከነሐሴ 16 ቀን ጀምሮ ደግሞ ፍልሰታ ሲፈታ የላስታ ልጃገረዶች በአሸንድዬ ጨዋታ ከተማውን ያደምቁታል። በዙሪያው ያሉትም አሸተን ማርያም፣ ገነተ ማርያም፣ ብልብላ ጊዮርጊስና ይምርሐነ ክርስቶስ የየራሳቸው ንግሥና የየራሳቸው ተሳላሚ አላቸው። በዋሻ ውስጥ በታነጸው በይምርሐነ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ጀርባ የሚታየው የብዙ ሰዎች አጽም ከሩቅ አገር መጥተው በዚያው ያረፉ ተሳላሚዎች አጽም እንደሆነ ይነገራል። ላስታ በሙሉ አንድ የመሳለሚያ አገር ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ከአልቫሬዝ እስከ ታሪካዊው መስመር

ስለ ላሊበላ ለውጭው ዓለም በዝርዝር የጻፈው የመጀመሪያው አውሮፓዊ ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ነው። በዐፄ ልብነ ድንግል ዘመን እ.ኤ.አ. ከ1520 እስከ 1526 በኢትዮጵያ ከቆየው መልእክት ጋር መጥቶ አብያተ ክርስቲያናቱን አየ። መጽሐፉ እ.ኤ.አ. በ1540 ታተመ። አልቫሬዝ ያየውን ሁሉ ቢጽፍ የሚያምነው እንደማያገኝ ሠግቶ እንደ ነበር ከጽሑፉ ይታያል። ከእርሱ በኋላ ሦስት መቶ ዓመት ከሚበልጥ ጊዜ በላይ አልፎ በ19ኛው መቶ ዓመት ጀርመናዊው ጌርሃርድ ሮልፍስና ፈረንሳዊው አሺል ራፍሬ መጡ፤ የራፍሬ መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1882 ታትሟል። በጣልያን ወረራ ዘመን ደግሞ ሞንቲ ዴላ ኮርቴ ሕንጻዎቹን አጥንቶ ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1940 አሳተመ። እነዚህ ሁሉ ከተሳላሚው ጋር ሲነጻጸሩ በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ፤ የመጡትም ተሳላሚው በሚመጣበት በበቅሎና በእግር መንገድ ነበር።

ቱሪዝም እንደ አንድ የመንግሥት ሥራ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1961 የኢትዮጵያ ቱሪስት ድርጅት ሲቋቋም ነው። የኢትዮጵያ ቱሪዝም አባት ተብለው የሚጠሩት አቶ ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ በመሩት በዚህ ሥራ ባሕር ዳርን፣ ጎንደርን፣ አክሱምንና ላሊበላን የሚያገናኘው ታሪካዊ መስመር ተዘረጋ። የ13 ወር ፀሐይ የሚለውም መፈክር የዚያው ዘመን ፍሬ ነው። የመኪና መንገድ ባልተሟላበት አገር መስመሩን እውን ያደረገው የኢትዮጵያ አየር መንገድ ሲሆን፣ ዳኮታ እየተባሉ የሚጠሩት አውሮፕላኖች በላሊበላ አቅራቢያ በሣር ሜዳ ላይ ያርፉ ነበር። ሜዳው በክረምት ስለሚጨቀይ በረራ የሚቻለው በበጋ ብቻ ነበር። ወንዙ ሲጐድል ተሳላሚው እንደሚሻገር ሁሉ ሜዳው ሲደርቅ ጐብኚው ያርፋል። እንዲህ በሆነ ምክንያት የሁለቱ እንግዶች ወቅት ከመጀመሪያው አንድ ሆነ።

እ.ኤ.አ. በ1978 ዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብን ሲከፍት በመጀመሪያ ከተመዘገቡት 12 ሥፍራዎች መካከል የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናትና የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ይገኙባቸዋል። ክብሩ የመጣው ግን ለጐብኚ በማይመች ጊዜ ነበር። በ1966 ዓ.ም.ና በ1977 ዓ.ም. ስማቸው ከወሎ ጋር ተያይዞ የሚታወሱት ሁለት ታላላቅ ረሀቦች ላስታን ክፉኛ ጐድተዋል፤ የእርስ በርሱም ጦርነት መንገዱን ዘግቶት ነበር። ጐብኚ በብዛት መምጣት የጀመረው እ.ኤ.አ. ከ1991 በኋላ ነው። ከከተማው ከ20 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ አስፋልት ያለው የአውሮፕላን ማረፊያ ተሠራ፤ ሆቴሎች ተከፈቱ፤ በየቋንቋው የሚያስረዱ የከተማው ልጆች አስጐብኚነትን ሙያ አደረጉት። የጐብኚውን የመግቢያ ክፍያ የምትሰበስበው ቤተ ክርስቲያኒቱ ስትሆን ተሳላሚው ግን እንደ ጥንቱ በነጻ ይገባል። ይህ ልዩነት የሁለቱን እንግዶች ማንነት በደንብ ይገልጻል፤ አንደኛው ለማየት የሚመጣ ነው፤ ሁለተኛው ቤቱ የራሱ ነው።

የጐብኚው መብዛት ጥቅሙን ብቻ ይዞ አልመጣም። በመጋቢት 1989 ዓ.ም. የቤተ መድኃኔ ዓለም ንብረት የሆነውና አፍሮ አይገባ በመባል የሚታወቀው 7 ኪሎ ግራም ያህል የሚመዝነው የወርቅ መስቀል ተሰረቀ። መስቀሉ በበዓል ቀን ሕዝብ የሚባረክበትና ሕሙማን የሚዳሰሱበት ነው። በኋላ በቤልጅግ አገር በአንድ ቅርስ ሰብሳቢ እጅ ተገኝቶ እ.ኤ.አ. በ2001 ወደ ላሊበላ ሲመለስ ሕዝቡ የተቀበለው እንደ ጠፋ ዕቃ አልነበረም። ለውጭው ገበያ የጥበብ ሥራ የሆነው ነገር ለተሳላሚው በረከት ነው። የሁለቱ ዋጋ በአንድ ሚዛን የሚለካ አይደለም።

የሕንድ ምሳሌ

ይህ ጥያቄ የላሊበላ ብቻ አይደለም። ሃይማኖታዊ በዓልና ቱሪዝም ተቀራርበው ከሚኖሩባቸው አገሮች ሕንድ ሰፊውን ትምህርት ትሰጣለች። በኦዲሻ ጠረፍ የምትገኘው የፑሪ ከተማ የጃጋናት ቤተ መቅደስ በ12ኛው መቶ ዓመት መሠራት የጀመረ ስለሆነ ከላሊበላ ጋር የዘመን ጓደኛ ነው ለማለት ይቻላል። በየዓመቱ በክረምቱ መግቢያ የአማልክቱ ምስሎች በትላልቅ የእንጨት ሠረገሎች ተጭነው በከተማው ጎዳና ሲጐተቱ የሚመለከተው ሕዝብ ስፍር ቍጥር የለውም። ይሁን እንጂ ሂንዱ ያልሆነ ሰው ወደ ቤተ መቅደሱ ውስጥ አይገባም። ጐብኚው ያለው ዕድል በዓሉ ወደ ጎዳና በሚወጣበት ቀን መመልከት ነው። በላሊበላም ወደ ቅድስተ ቅዱሳን ከተፈቀደለት ካህን በቀር ማንም አይገባም፤ በቤተ ጎልጎታም ሴቶች እንዳይገቡ ሥርዓቱ ይከለክላል። የቀረው በር ግን ጫማውን አውልቆ ለሚገባ እንግዳ ሁሉ ክፍት ነው። ላሊበላ ከፑሪ ይበልጥ ለእንግዳ የተከፈተች በመሆኗ ኃላፊነቷም በዚያው መጠን የከበደ ነው።

በሌላ በኩል በማሃራሽትራ ግዛት በኤሎራ የሚገኘው የካይላሳ ቤተ መቅደስ በ8ኛው መቶ ዓመት ልክ እንደ ላሊበላ ከላይ ወደ ታች ከአንድ አለት የተፈለፈለ ነው። የሁለቱ የድንጋይ ሥራ ዘዴ እጅግ ይመሳሰላል። ዛሬ ግን ካይላሳ በአርኬዎሎጂ መሥሪያ ቤት የሚጠበቅ ጥንታዊ ሐውልት ሆኖ ነው የሚጐበኘው። በእንዲህ ያለው ሥፍራ ጠጋኙ የሚመልሰው ጥያቄ ስለ ድንጋዩ ደኅንነት ብቻ ነው። በላሊበላ ግን ከድንጋዩ ደኅንነት ጋር ሌሊቱን የሚቆመው ካህንና አፋፉን የሚሞላው ሕዝብ አለ። የኤሎራን መድኃኒት እንዳለ ወስዶ ለላሊበላ ማዘዝ የማይቻለው በዚህ ምክንያት ነው።

የጥገናው ታሪክ

ቀዩ አለት ቀዳዳ የበዛበትና ውኃ የሚመጥ ነው። ዝናብ በጣሪያው ስንጥቆች እየገባ ግድግዳውን ያረጥበዋል፤ ሲደርቅም ድንጋዩ ይቈረፈራል። ጥንት ውኃውን ያወጡ የነበሩት ቦዮች ለብዙ መቶ ዓመታት በአፈር ተደፍነው ቆይተው የተጠረጉት በ20ኛው መቶ ዓመት ነው። ችግሩን ለማቃለል እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ዓመታት በተደረገ ጥገና ከአብያተ ክርስቲያናቱ አንዳንዶቹ ሬንጅና ቀይ ቀለም ተቀቡ። ሽፋኑ እርጥበቱን በውስጥ አምቆ ያዘው፤ መልኩንም አበላሸው። እ.ኤ.አ. ከ1966 ጀምሮ ጣልያናዊው የሕንጻ ባለሙያ ሳንድሮ አንጀሊኒ በዓለም አቀፉ የሐውልቶች ፈንድ አማካይነት በመራው ሥራ ሬንጁ ተፋቀ፤ ጣሪያዎቹና ቦዮቹም ተስተካከሉ። የአንድ ትውልድ ጥገና የሚቀጥለው ትውልድ የጥገና ሥራ ሊሆን እንደሚችል ይህ የመጀመሪያው ምሳሌ ነው።

ከዚያም የዝናቡ ጉዳት ስላልቆመ በእንጨት ርብራብና በቆርቆሮ ጊዜያዊ መጠለያዎች ተሠሩ። እነዚህም አርጅተው እ.ኤ.አ. በ2008 በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ በትላልቅ የብረት ምሰሶዎች የቆሙ አራት መጠለያዎች ተተከሉ። ቤተ መድኃኔ ዓለም፣ ቤተ ማርያም፣ ቤተ መስቀል፣ ቤተ አማኑኤልና ቤተ አባ ሊባኖስ በነዚህ ጥላ ሥር ሆኑ። መጠለያዎቹ ዝናቡን አግደዋል፤ ዕድሜያቸውም በጥቂት ዓመታት የተገደበ ነበር። ከጊዜው ባለፉ ቁጥር ግን ሌላ ሥጋት መጣ። የላሊበላ ነዋሪዎችና ካህናት ከባዱ ብረት በነፋስ ተናውጦ በአብያተ ክርስቲያናቱ ላይ ይወድቃል ብለው ፈሩ፤ እ.ኤ.አ. በ2018ም በአደባባይ ሰልፍ ድምፃቸውን አሰሙ። የፈረንሳይ ፕሬዚዳንት ኤማኑኤል ማክሮን በመጋቢት 2011 ዓ.ም. ላሊበላን ሲጐበኙ አገራቸው በጥገናው እንደምትረዳ ቃል ገቡ፤ ከዚያም የኢትዮጵያና የፈረንሳይ የጋራ ሥራ ተጀመረ።

ስለ መጠለያዎቹ የቀረበው ወቀሳ ብዙውን ጊዜ ክብደታቸውንና መልካቸውን የሚመለከት ነው። ከበዓሉ አንጻር ሲታይ ግን ሌላም ነገር አለ። ቤዛ ኩሉ ከሰማይ በታች የሚከናወን ሥርዓት ነው። በቤተ ማርያም ግቢ ላይ የተዘረጋው ጣሪያ በዝናብ ወራት የሚጠቅመውን ያህል በገና ጠዋት በመላእክቱ ምሳሌና በሰማዩ መካከል ይገባል። ዝናብ በማይዘንብበት በታኅሣሥ የሚነሣ መጠለያ ይሠራ ዘንድ ሐሳብ ማቅረብ የሕንጻ ባለሙያው ፋንታ ነው፤ ሐሳቡ ሊመጣለት የሚችለው ግን በዓሉን አስቀድሞ ካወቀ ብቻ ነው።

በአብያተ ክርስቲያናቱ ዙሪያ በነበረው የመኖሪያ ሠፈር ላይ የተወሰደውም እርምጃ ከዚሁ ጋር ይታያል። ምድር ቤትና ደርብ ያላቸው ክብ የላስታ የድንጋይ ቤቶች ለዘመናት ቦዮቹን ተጠግተው ኖረዋል። የፍሳሹንና የጭስ ጉዳት ለመቀነስ፣ ቅርሱንም ለመጠበቅ ሲባል በርካታ ቤተሰቦች ወደ ሌላ ሠፈር እንዲዛወሩ ተደረገ፤ ከቤቶቹም ጥቂቶቹ ለመታሰቢያ ቀሩ። የጥበቃው ምክንያት የሚናቅ አይደለም። ነገር ግን ተሳላሚውን በደጃፉ ተቀብሎ ያሳድር የነበረው ይኸው ሠፈር ነበር። ሠፈሩ ሲነሣ ግቢው ለጐብኚው ዐይን ጠርቷል፤ ለተሳላሚው ግን የቅርብ ጎረቤት ቤት ጠፍቶበታል። ከትርፉ ጋር ኪሳራውም በዕቅድ መዝገብ ላይ መስፈር ነበረበት።

ጐብኚ የሌለበት ዘመን

ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ ላሊበላ ያልታሰበ ፈተና ገጠማት። በመጀመሪያ የኮቪድ ወረርሽኝ የዓለምን በረራ አስቆመ። ቀጥሎ በሰሜኑ ጦርነት ምክንያት ከሐምሌ 2013 ዓ.ም. መጨረሻ እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ከተማዋ ከአንድ ጊዜ በላይ ከእጅ ወደ እጅ ተላለፈች። መብራት፣ ስልክና ባንክ ተቋረጠ። ሆቴሎቹ ተዘጉ፤ አስጐብኚው፣ አስተናጋጁ፣ ሾፌሩና ዕደ ጥበብ ሻጩ ገቢ አጡ። ገንዘቧን ሁሉ በአንድ የእንግዳ ዓይነት ላይ የጣለች ከተማ እንግዳው በቀረ ቀን ምን እንደምትሆን በግልጽ ታየ።

ሆኖም ጦርነቱ ከከተማው ከራቀ ብዙም ሳይቆይ የ2014 ዓ.ም. ገና ደረሰ። የውጭ ጐብኚ ለማለት የሚቻል እምብዛም አልነበረም፤ ተሳላሚው ግን በብዙ ሺሕ ሆኖ መጣ። በማሜ ጋራ ላይ ካህናቱ እንደ ጥንቱ ቆሙ። ሥንቅ ያጣው የላሊበላ ነዋሪ ለእንግዳው ውኃ አቀረበ። ከዚያ በኋላም በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል የተነሣው ግጭት ጐብኚውን እንደገና አርቆታል። የላሊበላ የቱሪዝም ባለሙያዎች ከነዚህ ዓመታት የተማሩት ትምህርት ከባድ ነው፤ ልጆቻቸውን ያሳደጉበት ሥራ ነውና ጐብኚው እንዲመለስ አጥብቀው ይሻሉ። የጐብኚውን መመለስ የሚመኝ ሁሉ ግን በክፉው ዘመን ቦታውን ማን እንደ ጠበቀው መርሳት አይገባውም።

ለሙያው ሰዎች የሚቀረው ጥያቄ እንግዲህ ተግባራዊ ነው። መጠለያው ሲነደፍ የካህናቱ ሐሳብ ከመሠረቱ መጠየቅ አለበት፤ ንድፉ ካለቀ በኋላ መጠየቁ ሥርዓት ለማሟላት ብቻ ይሆናል። ለጐብኚው የእግረኛ መንገድና የመጸዳጃ ቤት ሲሠራ ለተሳላሚውም ውኃ፣ መጸዳጃና የሕክምና ጣቢያ በገናው ሕዝብ ቍጥር ልክ ሊታሰብ ይገባል። በበዓል ሌሊት የፎቶግራፍ መብራትና የመቆሚያ ቦታ ሥርዓት ሊበጅለት ያስፈልጋል፤ ጐብኚውም ከጥንት ጀምሮ የነበረውን የእንግድነት ወግ እንዲያውቅ አስጐብኚው አስቀድሞ ቢያስረዳው የሚከፋ እንግዳ የለም። የመግቢያው ገቢም የአለቱን ስንጥቅ ከመጠገን ጋር ተሳላሚውን የሚቀበለውን ሠፈር የሚያግዝበት መንገድ ቢታሰብ ገንዘቡ ወደ ምንጩ ተመለሰ ማለት ይሆናል።

የላሊበላን ሥራ የሚነድፍ መሐንዲስ፣ የሕንጻ ባለሙያ ወይም የቱሪዝም ሠራተኛ ወደ ሥፍራው የሚሄድበትን ቀን ራሱ ይመርጣል። ግቢው ባዶ በሆነበት በአዘቦት ቀን መለካት ይቀላል። ታኅሣሥ 28 ማታ ግን በዚያው አፋፍ ላይ ሰው በሰው ላይ ተደራርቦ ይቆማል፤ ጧፉ ይበራል፤ ቦዩ የእግር መተላለፊያ ያጣል። የየትኛውም ዕቅድ ብቃት በትክክል የሚፈተነው በዚያ ሌሊት ስለሆነ የመጀመሪያው ልኬት በዚያ ሌሊት ቢወሰድ ይሻላል።